የፍየሉን ራስ ቅል ግድግዳ ላይ ለመስቀልና ስጋውን ለመብላት፦ ለድሬው ልጅ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው የምንኖረው፣ ለፋሲካ አንድ አውራ ፍየል አረድን፣ ቀንዱ የሚገርም ስለሆነ ጭንቅላቱን አስቀርቼ ፍሪዘር ውስጥ አርጌዋለሁ። ፈረንጆች የአጋዘን ጭንቅላት ቀቅለው በኬሚካል አንጥተው ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ ቪዲዮ አይቻለሁ፣ እኔም አፍልቼ በበረኪና ላንጣው ወይ? ስጋው ደግሞ ይሸታል፣ እናቴ ሁለት ሰአት ሙሉ አፍልታው እንደ ጎማ ሆነ፣ ግማሹ አሁንም ፍሪዘር ውስጥ ነው። ሻጩ የሁለት አመት ነው ብሎን ነበር።"

አቦ ወንድሜ እንኳን ሳትጀምረው ጠየቅክ። እኔ 14 አመት ሙሉ ስራዬ የእንስሳት ህክምና ለሚማሩ ልጆች አጥንት ማዘጋጀት ነው፣ የፍየል የበግ የአህያ የግመል ጭንቅላት ሳጸዳ ነው የኖርኩት፣ አሁን ሀረር ነኝ ግን ስራውን የለመድኩት ድሬ ላይ ስለሆነ የናንተን ሙቀት አውቀዋለሁ። በመጀመሪያ በረኪናውን ወደነበረበት መልሰው። በረኪና አጥንት ያነጣል አዎ፣ ግን ታጥቦ አይለቅም፣ ውስጥ ገብቶ መብላቱን ይቀጥላል፣ ዛሬ ነጭ ሆኖ የሰቀልከው ነገር ከወራት በኋላ በጣትህ ስትነካው እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። እኔ ጀማሪ እያለሁ አንድ የሚያምር የበግ ቅል በዚሁ አበላሽቻለሁ፣ አፍንጫው ላይ ያሉት ስስ አጥንቶች ዱቄት ሆነው መደርደሪያው ላይ ነው ያገኘኋቸው።

ማፍላቱም እንደዛው ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል፣ ያንተ የጭንቅላት ጥያቄና የእናትህ የስጋ ጥያቄ መልሳቸው አንድ ቦታ ነው። ስጋውን ጠንካራ ያረገው ኮላጅን የሚባል ነገር ነው፣ ጅማቱም በስጋው መሀል ያለው ስስ ሽፋንም ከሱ ነው የተሰራው፣ በተለይ ያረጀና ብዙ የተራመደ እንስሳ ላይ ይጠነክራል። ይሄው ኮላጅን አጥንቱም ውስጥ አለ፣ የደረቀ አጥንት ሲሶው ገደማ እሱ ነው፣ የቀረው ማእድን ነው። ኮላጅን ሙቅ ውሀ ውስጥ ረጅም ሰአት ሲቆይ ይሟሟል፣ ቅቅል አድሮ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋው እሱ ነው። ስጋው ላይ ይሄ እንዲሆን ትፈልጋለህ፣ ቅሉ ላይ እንዲሆን ግን አትፈልግም፣ ምክንያቱም ከአጥንቱ ኮላጅኑ ሲወጣ የሚቀረው ተሰባሪ ነገር ነው፣ የራስ ቅል መጋጠሚያዎች ይላቀቃሉ፣ ጥርስ ይረግፋል፣ ውስጥ ያለው ስብ ደግሞ አጥንቱ ውስጥ ይሰርግና በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ድስት ሁለቱንም እሰራለሁ ካልክ አንዱን ታጣለህ።

ቪዲዮው ላይ ያየኸው እንስሳ ዲር ነው። እኛ አጋዘን ብለን እንተረጉመዋለን እንጂ የኛ አጋዘን ሌላ ዘር ነው፣ ዲር ከሰሀራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የለም። ልዩነቱ ለስራው ወሳኝ ነው። የዲር ቀንድ እስከ ጫፉ ንጹህ አጥንት ነው፣ በየአመቱ ይወድቃል እንደገና ይበቅላል፣ ስለዚህ ሰዎቹ ቀንዱን በላስቲክ ጠቅልለው ከውሀ በላይ ያቆሙትና ቅሉን ብቻ ያጸዳሉ፣ አለቀ። ያንተ ፍየል ቀንድ ግን (የኛ አጋዘንም የድኩላም የበሬም እንደዛው ነው) ሁለት ነገር ነው፣ ውጪው እንደ ጥፍር ያለ ቀፎ ነው ውስጡ ደግሞ ከራስ ቅሉ የበቀለ አጥንት ነው፣ በመሀላቸው ደም ስርና ስስ ስጋ አለ። የቀንድ ዋንጫ የሚሰሩ ሰዎች ይሄን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ቀፎውን ከአጥንቱ ሳያወልቁ ዋንጫ አይሰራማ። አንተም ካላወለቅከው መሀል ያለው ስጋ እዛው ይበሰብስና ሳሎናችሁ ውስጥ የሞተ አይጥ ያለ ነው የሚመስለው። በነገራችን ላይ ነገሩ ጣፍጦህ ሰው የእውነተኛ አጋዘን ወይ የድኩላ ጭንቅላት ላምጣልህ ካለህ እንዳትቀበል፣ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንም የአካሉን ክፍል ይዞ መገኘትም በህግ ያስጠይቃል፣ የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ደግሞ አጠገባችሁ ነው።

አሁን ጭንቅላቱን ከፍሪዘር ስታወጣው የመጀመሪያ ስራህ የታችኛውን ከንፈር ገልጠህ የፊት ጥርሱን መቁጠር ነው። የላይኛው መንጋጋ ላይ ፊት ለፊት ጥርስ የለም፣ ድድ ብቻ ነው፣ ፍየል ሲፈጠርም እንደዛው ነው (አንድ ልጅ አጽድቶ ከጨረሰ በኋላ የላይ ጥርሱ ጠፋብኝ ብሎ የባልዲውን ጭቃ በእጁ ሲበረብር ነው ያመሸው፣ እስኪጨርስ ዝም ብዬ አየሁት፣ ክፉ ነኝ)። ታች 8 የፊት ጥርስ አለ። መሀል ያሉት ሁለቱ ብቻ ትልልቅና ሰፊ ከሆኑ ፍየሉ አመት ከግማሽ ገደማ ነው፣ አራት ከሆኑ ሁለት አመት ገደማ፣ ስድስት ከሆኑ ሶስት፣ ስምንቱም ትልልቅ ከሆኑ አራት አመትና ከዛ በላይ ነው። ስጋው እንደ ጎማ ሆነ ስላልክና ቀንዱም የሚገርም ስለሆነ እኔ ስምንት ታገኛለህ ነው የምለው፣ ያኔ ሻጩ ምን እንደሸጠላችሁ ይገባሃል፣ እናትህም ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ሽታውም ከጭንቅላቱ ጋር ይገናኛል። ያልተኮላሸ ፍየል ከቀንዱ ስር በስተኋላ በኩል ቆዳው ውስጥ ሽታ የሚያመነጭ እጢ አለው፣ በዛ ላይ ሴት ሲፈልግ ጺሙ ላይና የፊት እግሩ ላይ ይሸናል። ያረደው ሰው ጭንቅላቱንና ጺሙን በያዘበት እጅ ስጋውን ከነካ፣ በዛው ቢላ ከቆረጠ፣ ሽታው ስጋው ላይ ይወጣል። ሌላው የሽታ ክፍል ደግሞ ስቡ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱ ታጥቦ አይለቅም፣ ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ሙክት የማይሸተው ለዚህ ነው፣ ስለተኮላሸ ሽታውን የሚያስነሳው ሆርሞን የለውም። ስለዚህ ጭንቅላቱን ስትሰራ ጓንት፣ የተለየ ቢላ፣ የተለየ ቦታ። የእናትህን የኩሽና ቢላ ወስደህ ጭንቅላት ገፈህ መልሰህ ብታስቀምጥ ለሚመጣው አመት በአልም ትሰማዋለህ።

ከፍሪዘር አውጥተህ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቅለጥ። ከዛ ቆዳውን ግፈፍ፣ አይኑን አውጣ፣ የታችኛውን መንጋጋ በጉንጩ በኩል ቆርጠህ ለየው፣ ምላሱን ለእናትህ ስጣት፣ የጉንጩንም ስጋ። አንጎሉን በመጥረቢያ ከፍቶ ማውጣት እንደለመድነው እንዳታደርግ፣ ከኋላ የአከርካሪው ስር የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለ፣ በሱ በኩል ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተህ በትነው፣ ከዛ የውሀ ጎማ ቀዳዳው ላይ ደግነህ ልቀቅበት፣ በሁለት ሶስት ዙር ይወጣል፣ አፍህን ዝጋ ምክንያቱም ይረጫል። አፍንጫው ውስጥ ወፍራም ነጭ ትል ብታይ አትደንግጥ፣ በግና ፍየል አፍንጫ ውስጥ እጮቿን የምትጥል ዝንብ አለች፣ የሷ ልጆች ናቸው፣ ስጋውን አይመለከቱም። አንጎሉ ላይ ግን ውሀ የቋጠረ ከረጢት ካየህ እሱ አዙሪት የሚባለው በሽታ ነው፣ ከውሻ ኮሶ የሚመጣ ነው፣ እና ጤነኛ ቢመስልም ባይመስልም አንጎሉን ጥሬውን ለውሻ አትስጥ፣ ውሻው በልቶ ኮሶውን ያፈራና እንቁላሉን መልሶ ሳሩ ላይ ይዘራዋል። ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄ ሁሉ የሚሰራው በጤናው ለታረደ እንስሳ ነው። ሳይታሰብ በራሱ የሞተ ከብት ወይ ፍየል ጭንቅላት ቀንዱ ወርቅ ቢሆን እንዳትነካው፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል።

ማጽዳቱ ላይ ድሬ መሆንህ እድለኛ ያደርግሃል። እኔ የምመርጠው በውሀ ማበስበስ ነው፣ ክዳን ያለው ባልዲ (አሸዋ ወይ ታይዋን ገበያ ሄደህ አንድ 20 ሊትር የሚይዝ ግዛ፣ የቤት ባልዲ አይሆንም)፣ ቅሉን ከነቀንዱ ጨምረህ ንጹህ ውሀ ሙላበት፣ ምንም ሳሙና ምንም ጨው ምንም ኬሚካል የለም፣ ስራውን የሚሰሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ነው የሚወዱት። ድሬ ላይ ያለ ምንም ማሞቂያ በሁለት ሶስት ሳምንት ያልቃል፣ እዚህ ሀረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምንጠጋ ማታ ይበርዳል፣ እጥፍ ይፈጅብኛል። የመጀመሪያውን ቀን ደሙን ለማስወጣት ውሀውን ሙሉ ቀይር፣ ከዛ በኋላ በየሳምንቱ ግማሹን ብቻ ድፋ፣ ሙሉውን ከደፋኸው ሰራተኞቹንም አብረህ ነው የደፋሃቸው። ክዳኑን ድርግም አርገህ አትዝጋ ጋዝ ያፈራል። ስትደፋ በወንፊት ላይ ድፋ ጥርስ ይወድቃል። ሽታው... ሽታው በቃ ጎረቤት ያጣላል፣ ግቢ የምትጋሩ ከሆነ ቀድመህ ተናገር ወይ ጣራ ላይ አውጣው። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ከዚህ ስራ ትራቅ።

ጣራ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ሀረር የመጣሁ ሰሞን ለሳምንታት የለፋሁበትን አንድ የፍየል ቅል ሊያልቅ ሲል ባልዲውን ከአጥሩ ውጪ አሳደርኩት፣ ሽታው ቤተሰቡን ስላስመረረ። ጠዋት ስወጣ ባልዲው ተገልብጦ ክዳኑ ሌላ ቦታ ነው፣ መሬቱ ረጥቧል፣ ከግንቡ ስር የግራ ቀንዱ ቀፎ ብቻ ተቀምጧል፣ ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት። ሀረር ላይ ማታ አጥንት ውጪ አሳድሮ ጅብ ወሰደብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ብዙም አያዝኑለትም፣ ጎረቤቴ ሽማግሌ "ወራባው (ጅቡ) ካንተ በላይ ያጸዳዋል፣ ምን አስለፋህ" ነው ያሉኝ። ቀፎውን አሁንም እስኪርቢቶ አስቀምጥበታለሁ።

ሶስት ሳምንት ሽታ አልችልም ካልክ ሁለተኛው መንገድ ሙቅ ውሀ ነው፣ ግን ማፍላት አይደለም። ውሀው ፊቱ ላይ እንፋሎት እያለው አረፋ አንድ አንድ እያለ የሚወጣበት፣ 80 ዲግሪ አካባቢ፣ ትንሽ ላርጎ ጠብ አርገህ። 30 ደቂቃ ታቆየዋለህ፣ ታወጣዋለህ፣ የለቀቀውን በእንጨት ማንኪያና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፍቃለህ፣ ውሀ ትቀይራለህ፣ ትመልሰዋለህ። በአራት አምስት ዙር ይወጣል። ፕሬዠር ውስጥ እንዳታስገባው ብቻ።

ቀንዱ በሁለቱም መንገድ ይለቃል። በማበስበሱ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሙቅ ውሀው ደግሞ ስሩ ድረስ ሞቅ ካለ በኋላ በጨርቅ ጠበቅ አርገህ ይዘህ በቀስታ እያዞርክ ሳብ፣ ከለቀቀ "ጧ" የሚል ድምጽ አለው ትሰማዋለህ። ካልለቀቀ አትታገለው መልሰህ ጨምረው። የግራና የቀኙን ምልክት አርግ፣ ውስጣቸውን በብሩሽ ታጠብ፣ ጥላ ውስጥ አድርቅ። ውስጥ ያለው አጥንት ላይ አንድ ሁለት ቀጭን ቀዳዳ በድሪል ብትበሳ ጥሩ ነው፣ አጥንቱ መሀሉ ባዶ ስለሆነ ውስጡ የቀረው እርጥበት በቀዳዳው ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር ስብ ማስለቀቅ ነው። ለብ ያለ ውሀና ላርጎ፣ ውሀው በደፈረሰ ቁጥር መቀየር፣ አንድ ሁለት ሳምንት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ካልተደረገ ግን ነጭ የነበረው ቅል በድሬ ሙቀት ግድግዳው ላይ ላብ እንዳለው ሰው በቅባት ይወረዛል።

ለማንጣት ሀይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ ያለው ቁስል የሚታጠብበት 3 ፐርሰንቱ ይበቃል፣ ቅሉን ለመዝፈቅ ግን ብዙ ጠርሙስ ስለሚፈጅ ጥጥ በሱ እያራስክ ቅሉን ሸፍነህ በላስቲክ ጠቅልልና አሳድረው፣ ጥጡ እንዳይደርቅ ደጋግመህ አርስ። ወይ ደግሞ ጸጉር ቤቶች ለማቅለሚያ የሚጠቀሙበት ክሬሙ አለ፣ 40 ቮልዩም የሚለው 12 ፐርሰንት ነው፣ በብሩሽ ቀብተህ በላስቲክ ሸፍነህ ጥቂት ሰአት ታቆየዋለህ። እሱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር ግድ ነው። አታሙቀው፣ ብረት እቃ ውስጥ አታርገው፣ የተጠቀምክበትን መልሰህ ጠርሙስ ውስጥ አትዝጋበት ይፈነዳል። ቀንዱ ቀፎ ላይ አንድ ጠብታ ካረፈ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ለዛ ነው ቀፎውን ማንጣቱ ካለቀ በኋላ የምንመልሰው፣ በኢፖክሲ ወይ በሲልከን። የወደቀ ጥርስ በነጭ ኮላ። ማድረቅ ጥላ ውስጥ ብቻ፣ የናንተ ጸሀይ ላይ ብታወጣው ጥርሱ ይሰነጠቃል። ቀንዱን በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አርገህ ቫዝሊን ጠብ አርገህ ወልውለው፣ የምግብ ዘይት አትቀባው ይጣበቃል አቧራ ይይዛል። ብል ቀንድ ይበላል፣ በአመት አንዴ አውርደህ እየው።

አሁን ስጋው። እናትህ ያፈላችው ሁለት ሰአት ለወጠጤ በቂ ነበር፣ ለስምንት ጥርስ አውራ አይበቃም፣ ደግሞ በጣም ሲፈላ ኮላጅኑ ሳይሟሟ የስጋው ክሮች ተጨምቀው ውሀቸውን ይተፋሉ፣ ለዛ ነው ደረቅም ጠንካራም የሆነው። የታረደ ቀን ተጠብሶም ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ፣ ስጋ ከታረደ ከጥቂት ሰአት በኋላ ይገተራል፣ የሚለቀው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ነው። ድሬ ላይ ፍሪጅ ከሌለ ግን ማሳደር የሚባል ነገር የለም፣ ወይ ወዲያው ይበሰላል ወይ ቋንጣ ይሆናል።

ያንን ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ግማሽ እንዲህ አርጉት። ስቡን የምትችለውን ያህል ቆርጠህ ጣል፣ በነጩ ላይ አትራራ። የዲር ስጋ የሚያበስሉትም መጀመሪያ የሚነግሩህ ይሄንኑ ነው፣ የዲር ስብ ሲቀዘቅዝ አፍ ላይ እንደ ሻማ ይጋገራል፣ ስለዚህ ስቡን አውጥተው ዘይት ወይ ቅቤ ከውጪ ይጨምራሉ፣ ሽንጡን ቶሎ ይጠብሳሉ፣ እግርና ትከሻውን ለሰአታት ያበስላሉ። ፍየላችሁም ላይ የሚለሰልስ ጥብስ የሚወጣው ከሽንጡ ብቻ ነው። እሱንም ቀጭን ቆርጠህ ጥሬ ፓፓያ ፈጭተህ ግማሽ ሰአት ብታሽው ይለሰልሳል፣ ከዛ በላይ ካቆየኸው ግን ፊቱ እንደ ገንፎ ይሆናል። ፓፓያ እንደሆነ ቀፊራ ገበያ ሞልቷል።

አንገቱን፣ ትከሻውንና ቅልጥሙን ለቅቅል። ከነአጥንቱ፣ በቀዝቃዛ ውሀ ጀምረህ፣ አረፋውን ግፈፍ፣ ከዛ እሳቱን እስከ ታች አውርደህ ሶስት ሰአት ተኩል ክዳኑን ገርበብ አርገህ ተወው፣ ሽንኩርት ዝንጅብል ነጭ ሽንኩርት ትንሽ እርድ፣ ኮረሪማ ሁለት ፍሬ፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ። ሎሚ ከበሰለ በኋላ ጠብ ይደረጋል እንጂ ቀድመህ አትዘፍዝፈው። ለአጥንቱ የከለከልኩህ ፕሬዠር እዚህ ይፈቀዳል፣ አንድ ሰአት ከሩብ ይበቃዋል። ሀረር ያላችሁ ደግሞ ውሀው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ በተራ ድስት ግማሽ ሰአት ጨምሩበት፣ ድሬ 96 ነው ብዙ አይጎዳም።

እኔ ብሆን ግን አንዱን ትከሻ ለሀኒድ (ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ለሚበስለው የየመኖች ስጋ) እለየዋለሁ። ጨው፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል፣ እርድ ቀብተህ አሳድረው፣ በፎይል ድርብ ጠቅልል፣ ኦቨን 150 ዲግሪ ላይ አራት ሰአት፣ መጨረሻ ላይ ፎይሉን ከፍተህ 15 ደቂቃ ፊቱ ይቅላ። የወጣውን መረቅ ሩዙ ላይ አፍስሰው። አጥንቱ በእጅ ስትስበው ባዶውን ከወጣ ደርሷል፣ ካልወጣ መልሰው፣ የስምንት ጥርስ ፍየል ሰአት አያከብርም።

ዛሬ ማታ ጭንቅላቱን ከፍሪዘር ወደ ታች አውርደው፣ ሰፊ ሳህን ከስሩ አርግ ደም ያንጠባጥባል፣ እናትህ ፍሪጁን ከፍታ አይን ለአይን ከመገጣጠሟ በፊት ግን በጥቁር ፌስታል ሸፍነው።